ሳህን ላይ የዳነው እግር

ያኔ ከሰው ጋር ማውራት የማልችል ልጅ ነበርኩ። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እገባለሁ። ሱቅ ከተላክሁ ባለሱቁ ሌላውን ሁሉ አስተናግዶ እስኪጨርስ ጥግ ይዤ እቆማለሁ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥሁት እናቴ ታማ የቤቱ ሥራ እኔ ላይ ስለወደቀ ነበር። እሷ ስትድን ግን በዕድሜ ከሚያንሱኝ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ አፈርሁና ተመልሼ አልገባሁም። ቤት ቁጭ ብዬ አባቴ የሚሸምነውን ነጠላ ጫፉን እቋጭ ነበር። ጣት እንጂ አፍ የማይፈልግ ሥራ ስለሆነ ተስማምቶኝ ነበር።

ቤታችን ጉለሌ ነው፤ ከቁስቋም ዝቅ ብሎ። አባቴን ጋሽ ደምሴ ይሉታል። ሸማኔ ሲሠራ አይታችሁ ከሆነ በእጁ ብቻ እንደማይሠራ ታውቃላችሁ። ወለሉ ተቆፍሮ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ይሰዳል። ከታች ያሉትን መርገጫዎች በእግሩ ጣቶች መሀል በገባ ገመድ ይዞ አንዱን ሲጫን፣ አንዱን ሲለቅ ነው ድሩ የሚከፈተው። እጁ መወርወሪያውን ይወረውራል፤ መንገዱን የሚከፍትለት ግን እግሩ ነው።

አባቴ ስኳር አለበት። ስኳር ደግሞ እግር ያደነዝዛል። የመርገጫው ገመድ አውራ ጣቱን ሲልጠው አልተሰማውም፤ ቁስሉን ያገኘችው እናቴ ናት፣ እግሩን ስታጥበው። ትንሽ ነበር። ቅባት ተቀባ፣ ክሊኒክ ተሄደ፣ መርፌ ተወጋ። ቁስሉ ግን ሰፋ፣ ጠቆረ፣ መሽተት ጀመረ። በመጨረሻ ሆስፒታል ሄደን ከቁስሉ ናሙና ወሰዱ።

ውጤቱ የመጣው አርብ ቀን ነው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ወንበሩን ወደ አባቴ ጠጋ አድርጎ ተቀመጠ።

«አባት፣ ቁስሉ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ የሰጠንዎትን መድኃኒት ሁሉ ለምዶታል። እግርዎ ጋ ደም በደንብ አይደርስም። ሰኞ ይተኙና ከቁርጭምጭሚቱ በላይ እንቆርጠዋለን።»

አባቴ ትከሻው ላይ ያለውን ጋቢ ያዝ አደረገ። «ዶክተር፣ ይህን ጋቢ ማን የሠራው ይመስልሃል?»

«እርስዎ ነዎት?»

«እግሬ ነው።»

ሐኪሙ በለሆሳስ፣ «አባት፣ ወይ እግርዎ ወይ እርስዎ» አለው።

ወደ ሸጎሌ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፍረን ተመለስን። ሽታው ታክሲውን ሞላው። አንዱ መስኮት ከፈተ፤ ከጎናችን ያሉት ሴትዮ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አባቴ ጎንበስ ብሎ፣ «ይቅርታ እናቴ፣ ይሄኛው ሰኞ ይወርዳል» አላቸው። ሴትዮዋ አልገባቸውም። እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

አሁን ስለ ናሆም ልንገራችሁ። ናሆም ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን ይማር ነበር፤ የሚማረው ስለ ናኖ ነው። አባቴ አንድ ቀን ናኖ ምን እንደሆነ ጠይቆት፣ ናሆም ከሸማው ላይ አንዲት ክር መዘዘና፣ «ጋሼ፣ ይህችን ክር በውፍረቷ አሥር ሺህ ቦታ ቢሰነጥቋት አንዷ ስንጣቂ ናኖ ናት» አለው።

«እንግዲያው ምሳህም ናኖ ነው በለኛ» አለው አባቴ። ናሆም ቀጭን ነበር። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ትልክለት ጀመር። የማደርሰው እኔ ነበርኩ፤ ሳህኑን ደጃፉ ላይ አስቀምጬ በሩን አንኳኩቼ እሮጣለሁ።

ከግቢያችን የሚፈልገው ግራዋ ነበር። ቅጠሉን ቀቅሎ ያጠለውና ትምህርት ቤቱ ወስዶ ከሚሟሟ ብር ጋር ያዋህደዋል። ብር ስል ጌጥ የሚሠራበትን ነው። ውሃው ቀስ እያለ ሻይ ይመስላል። ያኔ ብሩ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ቅንጣት ሆኗል ማለት ነው። አንድ ቀን ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣ።

«እትዬ ወርቅነሽ፣ ግራዋዎ ጉድ ሠራ።»

እኔ ከጓዳ በር ላይ አንገቴን አስግጌ አየሁ። ስልኩ ላይ ያለው የአንድ ክብ የመስተዋት ሳህን ፎቶ ነው። ሳህኑን ባክቴሪያ እንደ ጉም ሸፍኖታል፤ ፈሳሹ ጠብ ባለበት ቦታ ግን ዙሪያው ጥርት ብሏል፤ ጨረቃ ስትከበብ እንደምታዩት።

«ጥርት ያለው ቦታ ላይ የነበሩት ሁሉ ሞተዋል» አለ።

«መድኃኒት የለመዱትስ?» አለች እናቴ።

«የለመዱትም ጭምር።»

አርብ ከሆስፒታል ስንመለስ እናቴ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደች። ድምፃቸው እስከ ቤት ይሰማ ነበር።

«ናሆሜ፣ ያን ነገር ስጠኝ።»

«የቱን?»

«ክቡን። የለመዱትን የሚገድለውን።»

«እትዬ፣ እሱ መድኃኒት አይደለም። ሰው ላይ አልተሞከረም።»

«በደምሴ ይሞከራ።»

«አይሆንም እትዬ። በሕግም አይሆንም፣ በሕሊናም አይሆንም።»

እናቴ አልተመለሰችም። ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ናሆም ይነሱ ቢላት፣ ቢለምናት እንቢ አለች። በመጨረሻ አባቴ ከአልጋው ሆኖ ጠራው። ናሆም ገባና ራስጌው ቆመ።

«ተቀመጥ ልጄ። ሰኞ ይህን እግር ቆርጠው የት ያደርጉታል?»

«እ... ይቀብሩታል መሰለኝ፣ ወይ ያቃጥሉታል።»

«እንግዲህ የሚቃጠል እግር ነው። ያንተ ውሃ ከእሳት የባሰ ምን ያደርገዋል?»

ናሆም ሲመልስ ድምፁ ተለውጦ ነበር። «ጋሼ፣ ተስፋ እንዳያደርጉ ግን።»

«እሺ፣ አላደርግም» አለ አባቴ። ወዲያው ግን መርገጫው ላላ ብሎ እንዲታሰርለት ነገረኝ፤ ከሰኞ በኋላ ሲሠራ ገመዱ እንዳይልጠው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ናሆም ትንሽ ጠርሙስ በፎይል ጠቅልሎ አመጣ። ፎይሉን ገለጥ አድርጎ አሳየን፤ ወርቅማ ቡና ዓይነት፣ ስስ የሻይ ቀለም ነው። አጎቱ ሞተው ለቅሶ ሊሄድ ነበር።

«ነገ ከሰዓት እመለሳለሁ። እኔው ራሴ በፋሻ አድርጌ አስርላቸዋለሁ። ፀሐይ እንዳያገኘው፣ ማንም እንዳይነካው» ብሎ ሄደ።

ያን ቀን ቤታችን ሰርግ ያለበት መሰለ። እናቴ ቆጥ ላይ ጠርሙሱን ከሥዕለ ማርያም ሥር አስቀመጠችው። አባቴ ስለ አንድ የሠርግ ቀሚስ ጥለት ያወራ ነበር፤ ለማን ሊሸምነው እንደሆነ፣ ቀለሙ ምን እንደሚሆን። እኔም ሳላፍር ሳቅሁ።

እሑድ ጠዋት እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ ጠበል ይዛ መጣች። ሥዕሉ ሥር ቆማ ጠርሙሱን ረጅም ጊዜ አየችው።

«ሰናይት፣ ሳፋውን አምጪ።»

«ናሆም ይመጣል ብሏል እኮ።»

«ይምጣ። ይህ ነገር ግን ኬሚካል ነው፤ ያልተባረከ ነገር እንዴት አባትሽ ገላ ላይ ይውላል? ደግሞ እያት፣ ይህች ለጣቱ እንኳ አትበቃም። በጠበል ትብዛለች።»

በእኛ ቤት ማንኛውም መድኃኒት እንዲህ ነው የሚወሰደው። ኪኒን በጠበል ይዋጣል፣ ቅባት ጠበል ጠብ ይደረግበታል። ስለዚህ ነገሩ አልገረመኝም። ሳፋውን ይዤ ቆምኩ። እናቴ «በስመ አብ» ብላ ጠበሉን ቀዳች፤ ከዚያ ጠርሙሱን ገለበጠችበት።

መጀመሪያ ሻዩ ጠበሉ ውስጥ እንደ ክር ተንሳፈፈ። ቀጥሎ ዓይናችን እያየ ቢጫው ጠፋ። ውሃው አመድ መሰለ፤ ትንሽ ቆይቶ ሥሩ ላይ ግራጫ ደለል ተኛ።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። «በሽታውን ሊስብ ነው» አለች። የአባቴን እግር በዚያ ውሃ አጠበች፣ ጨርቅ ነክራ ጠቀለለችው። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልይ ነበር።

ናሆም ሲመጣ ፋሻና ፕላስተር ይዞ ነበር። ሳፋውን ሲያይ በር ላይ ቆመ።

«ምን ጨመራችሁበት?»

«ጠበል ብቻ» አለች እናቴ።

ፊቱን አየሁት። ፊቱን እናቴም አይታዋለች፤ ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚያች ቅጽበት የመጣ ነው።

«አበላሸሁት?» አለችው።

«አይ እትዬ፣ ምንም አይደል።»

«ናሆሜ፣ ማርያምን በልና ንገረኝ።»

ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ አለ። «ከመሬት የሚመነጭ ውሃ ማዕድን አለው፣ ጨው አለው። ብሩ ጨው ሲያገኝ ይሰባሰባል። ቅንጣቶቹ ተያይዘው ትልልቅ ይሆኑና ይዘቅጣሉ። ጥፋትዎ አይደለም፤ እኔ ልነግርዎት ይገባ ነበር።»

«ሌላ ሥራልኝ።»

«ቀናት ይፈልጋል እትዬ። ነገ ሰኞ ነው።»

አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ሲመሽ ትኩሳት ያዘው። ሰኞ ሆስፒታል ሲያዩት መቅላቱ ወደ ቅልጥሙ ወጥቶ ነበር። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ እንቆርጠዋለን ያሉትን እግር ከጉልበቱ ዝቅ ብለው ቆረጡት።

አባቴ ወደ ቤት ሲመለስ እናቴ ሌላ ሰው ሆና ጠበቀችው። ምግብ አትበላም። ጠበል መሄድ ተወች። ጠያቂ መጥቶ «እግዚአብሔር ይማርልሽ» ሲላት፣ «ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት ያወጣሁት እኔ ነኝ» ትላለች። ሰው ደንግጦ ያያታል። ቀን በጠራራ ፀሐይ እጆቿን እያገላበጠች ስታያቸው አገኛት ነበር።

አልቻልኩም። አንድ ከሰዓት በኋላ ሳህን ሳልይዝ ወደ ጓሮ ሄድኩና የናሆምን በር አንኳኳሁ። ሲከፍት አልሮጥሁም።

«ልጠይቅህ ነው» አልኩት። ላብ አጠመቀኝ።

«ግቢ።»

«እዚሁ ልቁም። ጠበል ባይገባበት ኖሮ አባዬን ያድነው ነበር?»

«አላውቅም» አለኝ። «ለእኔም እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ሞክሬ ላሳይሽ።»

ከጥቂት ቀናት በኋላ ትምህርት ቤቱ ወሰደኝ። ነጭ ጋውን አለበሱኝ፤ እጅጌው እስከ ጣቶቼ ጫፍ ይደርሳል። ናሆም ከራሱ ክንድ ደም ተቀድቶ፣ በማሽን አዙሮ፣ ቀዩን አስቀርቶ ላዩ ላይ የሚቀረውን ቢጫ ውሃ ወስዶ ነበር። በአንደኛው ቱቦ ብሩ ብቻውን ነው። በሁለተኛው ብሩ ከዚያ ከደም ውሃ ጋር ነው።

«ቀለሙን እዪ» አለኝ። ሁለቱም ያው የሻይ ቀለም ናቸው። በጠበሉ እንደሆነው አመድ አልመሰለም፣ አልዘቀጠም። ልቤ ቀለል አለኝ። እንግዲያው ደም አያበላሸውም ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ከማሞቂያው ሳጥን ሁለት ሳህኖች አወጣ፤ ባክቴሪያው አንድ ሌሊት ያደረባቸው ናቸው። የመጀመሪያው ላይ ያ የጨረቃ ክብ አለ። ሁለተኛውን ብርሃን ላይ አዙሬ አዙሬ አየሁት። ከዳር እስከ ዳር ጉም ነው። ክብ የለም።

«ይሄኛው የቱ ነው?» አልኩት፣ እያወቅሁት።

«ከደም ውሃው ጋር የሆነው።»

«ቀለሙ አልተለወጠም እኮ።»

«አልተለወጠም። ግን ሰናይት፣ ብሩ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ብቻውን አይቆይም። ደም ውስጥ፣ መግል ውስጥ፣ ከቁስል በሚወጣው ፈሳሽ ውስጥ ፕሮቲን ሞልቷል። እንቁላል ነጩ ላይ እንዳለው ዓይነት ነገር ነው። ወዲያው መጥቶ ይጣበቅበታል፣ ዙሪያውን ያለብሰዋል። ከዚያ በኋላ ባክቴሪያው የሚያገኘው ብሩን አይደለም፤ ልብሱን ነው።»

«ልብሱን ቢያወልቅስ?»

«አንዱ ሲወልቅ ሌላው ይተካበታል። ምን እንደሚለብስ የምንመርጥለት እኛ አይደለንም፤ ያረፈበት ሰውነት ነው። የአባትሽ ቁስል ደግሞ በዚህ የተሞላ ነበር።»

«ስለዚህ ጠርሙሱ እንዳለ ቢሆንም...»

«እንዳለ ቢሆንም።» ሳህኑን ከእጄ ተቀበለኝ። «ይህን ሙከራ በመጀመሪያ መሥራት ነበረብኝ። ክቡ አማረኝና ስልኬ ላይ ይዤው ዞርኩ።»

ልቆጣው ፈልጌ ነበር። ክንዱ ላይ የተለጠፈችውን ጥጥ አየሁና ተውኩት።

ወደ ቤት የተመለስሁት ስጦታ የያዝሁ መስሎኝ ነው። እናቴን ነፃ የሚያወጣ ቃል ይዣለሁ ብዬ። ምስር ስትለቅም አገኘኋት፤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ጠበሉ አይደለም።»

«ማን አለሽ?»

«ናሆም አሳየኝ። ጠበል ባይነካውም ቁስሉ ውስጥ ሲገባ መግደሉን ይተዋል። አንቺ ምንም አላደረግሽም።»

ጠጠር ለቅማ ጣለች። ሌላ ለቀመች።

«እንግዲያው መድኃኒት አልነበረም እያልሽኝ ነው?»

«አልነበረም።»

«ያ ሁሉ የሞተ ጀርምስ?»

«የሞተው ሳህን ላይ ነው እማዬ።»

እጇ ቆመ። ያን ጊዜ ደስ ይላታል ብዬ ፊቷን ጠበቅሁ። እናቴ ግን ስታለቅስ እንኳ አይቼ የማላውቀው ፊት ነበራት፤ ባዶ። ከዚያ ራሷን ቀስ አድርጋ ነቀነቀች።

«አይደለም። ልጁ ጨዋ ነው፤ እንዳላዝን ብሎ ነው። መድኃኒቱማ ነበረ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ምስሩን ወደ መልቀም ተመለሰች።

አባቴ ከአልጋው ሰምቶናል። እሷ ወደ ውጭ ስትወጣ ጠራኝ። «ተያት» አለኝ። «እሷ ካበላሸችው፣ አንድ ቀን የሚያድን ነገር እዚህ ቤት ገብቶ ነበር ማለት ነው። ካላበላሸችው ግን ምንም አልገባም።» ከዚያ ብርድ ልብሱን ገለጠ፤ የቀረውን እግሩን ወደ እኔ ዘረጋው። በትንሿ ጣትና በቀጣይዋ መሀል የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ነገር አለች። «ይህንንም ለጊዜው አትንገሪያት።»

ናሆም ትምህርቱን ጨርሶ ከግቢያችን ወጣ። ሲሰናበተን እናቴ እጁን ይዛ አልለቅ አለች፤ እሱ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ የተማርኩ አይደለሁምና ልመክራችሁ አልችልም። እኔን የለወጠኝን ግን ልንገራችሁ። ድሮ መጠየቅ አፍር ነበር፤ አሁን እጠይቃለሁ። አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ «ይሄ ይገድላል፣ ይሄ ያድናል» ሲለኝ «የት ላይ?» እለዋለሁ። ሳህን ላይ ነው፣ ወይስ የሰው ገላ ላይ? ሳህን ደም የለውም፣ መግል የለውም፤ የገባበትን ነገር አያለብስም። መጠየቅ መቻሌ ግን ያሰብኩትን ያህል አልጠቀመኝም። መልሱን ሰምቶ መሸከምም አለና። ዓይናፋር ሳለሁ ቢያንስ «የለም» የሚለኝ ሰው አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት አባቴን ለሁለተኛው እግሩ ይዤው ሄድኩ። ጥቁሯ አድጋለች፤ እናቴም አይታዋለች። ያው ሐኪም ነው። ብዙ ተማሪዎች ከብበውት ነበር። በሁሉም ፊት፣ «ከመቁረጥ ሌላ ነገር አለ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሐኪሙ አልዋሸኝም። «የለም እህቴ» አለኝ።

ቤት ስንደርስ እናቴ በር ላይ ትጠብቀን ነበር።

«ምን አለ?»

«የለም አለ እማዬ።»

አባቴን ደግፋ አስገባችው፣ ትራሱን አስተካከለችለት። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ ክንዴን ያዘችና፣ እሱ እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ናሆምን ፈልጊልኝ» አለችኝ። «ይቅርታ ልጠይቀው። አሁን ምንም አልቀላቅልበትም።»